ድራየሩ አላሞቅ ቢል ከሰል አታስገቡ! የልብስ ማድረቂያ ብልሽቶች፣ የክረምት እርጥበትና ጤናችን

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ነው። «ዶክተር ደግሞ ጥገና ጀመረ እንዴ?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ትፈርዳላችሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። ከአንዋር መስጊድ ሰፈር አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። (ታሪኩን የማካፍላችሁ ፈቅዳልኝ ነው፤ ማንነቷን የሚገልጽ ነገር አልጽፍም።) መርካቶ ውስጥ ሱቅ አላት።

«ዶክተር፣ ታይፎይዱ አለቀን አለ» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ሌላ ቦታ ተመርምረው መድኃኒት ወስደዋል፤ ግን ለውጥ የለም። ለካሁ፤ ትኩሳት የላቸውም። ተቅማጥም የለም። ሦስቱንም እኩል የያዘ፣ ትኩሳት የሌለው «ታይፎይድ» አላማረኝም።

«ህመሙ መቼ ነው የሚብስባችሁ?»

«ጠዋት ስንነሳ። እኔን ሱቅ ከገባሁ በኋላ እስከ ዙህር ድረስ ይተወኛል። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ይመለሳል።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱ ለንግድ ክፍለ ሀገር ነው ያለው። ምንም አላመመውም።»

«ቤት ውስጥ ከሰል ታያይዛላችሁ?»

«ለቡና ነበር። አሁን ግን ድራየሩ ተበላሽቶብን፣ ማታ ማታ ልብሱን ሳሎን ሰቅለን ከስሩ ምድጃ እናስቀምጣለን። ጭስ እኮ የለውም ዶክተር፤ ውጭ ፍም ካደረግነው በኋላ ነው የምናስገባው።»

«ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?»

«ሳሎን።»

መልሱ እዚያው ነበር። ታይፎይድ አልነበረም፤ የከሰል ጋዝ ነበር። በየሌሊቱ ትንሽ በትንሽ እየተመረዙ ነበር። ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ልኬያቸው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሦስቱም ድነዋል። አንድ ሌሊት በሩ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

የዚህ ሁሉ መነሻ ምን መሰላችሁ? ማሽኑ ውስጥ የተጠቀጠቀ የጨርቅ ብናኝ! በኋላ ባለሙያ ሲከፍተው ከውስጡ እንደ ትራስ ጥጥ ያለ ነገር እየተጎተተ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም አብረን እናያለን፤ ማሽኑ ሲያስቸግር ቤት ውስጥ ምን ማየት እንደምንችልና፣ ማሽን ባይኖርም ልብስን እንዴት ያለ አደጋ ማድረቅ እንደሚቻል።

በመጀመሪያ፦ ያላችሁ ማሽን የትኛው ነው?

ወደ አገራችን የሚገቡት ማድረቂያዎች በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው።

1. በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ። ከኋላው ወፍራም ቱቦ አለው፤ እርጥብና ሙቅ አየሩን ከቤት ያስወጣል።
2. ውሃውን በጋን የሚያጠራቅም (ኮንደንሰር)። ቱቦ የለውም፤ ከልብሱ የወጣው ውሃ መሳቢያ በሚመስል ጋን ውስጥ ይጠራቀማል። «ሂት ፓምፕ» የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ሆኖ ብዙ ኤሌክትሪክ የማይበላው ነው።
3. ማጠቢያና ማድረቂያ በአንድ ላይ። ብዙ ጊዜ የሚያጥበውን ያህል ማድረቅ አይችልም። 8 ኪሎ ካጠበ 5 ኪሎ ቢያደርቅ ነው።
4. በጋዝ የሚሠራ። ከአሜሪካ ዘመድ ከላከው እቃ ጋር አልፎ አልፎ ይመጣል። ስለዚህኛው ከታች ለብቻው እናገራለሁ፤ አደገኛው እሱ ነው።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። እጃችሁም ወለሉም ደረቅ ይሁን።

ችግር 1፦ ጭራሽ አይነሳም

• መብራት አለ? ብሬከሩ ወርዷል? ሶኬቱን በሌላ እቃ ሞክሩት።
• በሩ «ቀጭ» ብሎ ተዘግቷል? በሩ በደንብ ካልገጠመ ማሽኑ ሆን ብሎ አይነሳም። ብዙ ጊዜ በበሩ ጠርዝ የተቀረቀረ ካልሲ ነው ምክንያቱ።
• የቁልፍ ምልክት በርቷል? ልጆች እንዳይነኩት የሚቆልፈው ሲሆን፣ ምልክቱ ያለበትን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል።
• የውሃው ጋን ሞልቶ ይሆን? ኮንደንሰር ከሆነ ጋኑ ሲሞላ ይቆማል። ድፉትና መልሳችሁ አስገቡት።

ብሬከሩን መልሳችሁ ስታወጡት ወዲያው ደግሞ ከወረደ፣ ሦስተኛ ጊዜ አትሞክሩ። የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ማሽኑን ነክታችሁ ትንሽም ብትሆን «ነዘረኝ» ካላችሁ እንደዚሁ፤ ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ችግር 2፦ ይዞራል እንጂ አያሞቅም

የእህታችን ማሽን ችግር ይሄ ነበር። ከመደናገጣችሁ በፊት «ያለ ሙቀት» የሚለው ፕሮግራም ላይ እንዳልሆነ እዩ። ቀጥሎ የብናኙን ወንፊት (ፊልተሩን) አውጡ። ብናኙ አየሩን ሲዘጋው ውስጡ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያኔ እሳት እንዳይነሳ የተቀመጠች ትንሽ መከላከያ ሙቀቱን ቆርጣ ታጠፋዋለች። ማሽኑ «ተበላሸ» የምንለው ራሱን ሲያድን ነው! አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን በባለሙያ መቀየር አለበት። ያቺን መከላከያ በሽቦ አገናኝቶ «ሠራልህ» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ አሰናብቱት። የእሳቱን ዘበኛ እያባረረላችሁ ነው።

ሌላው ምክንያት የመብራት ጉልበት ማነስ ነው። 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ሲወርድ፣ የማሞቂያው ጉልበት በቮልቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ምሽት ሁሉም ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት የደከመው ማሽን፣ ጠዋት ላይ ደህና ሊሠራ ይችላል።

ችግር 3፦ ሁለት ሰዓት ዞሮም ልብሱ እርጥብ ነው

ከአምስቱ አንዱ ነው፦

• ወንፊቱ አልተጠረገም። ይህ በየ አንዳንዱ ዙር መጠረግ አለበት። በሳምንት አንዴ አይደለም፤ በየዙሩ!
• ቱቦው ታጥፏል ወይም በብናኝ ተዘግቷል። ማሽኑን ወደ ግድግዳ ስንገፋው ቱቦው ይጨፈለቃል።
• ኮንደንሰሩ አልታጠበም። ብዙዎቹ ኮንደንሰር ማሽኖች ከታች በኩል በበር የተሸፈነ የብረት ክፍል አላቸው። የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥቶ በውሃ ማጠብና አድርቆ መመለስ ነው። የማይወጣ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት።
• ከመጠን በላይ ታጭቋል። ብርድ ልብስና ጂንስ አንድ ላይ አይሆኑም። ልብሱ ውስጥ ሲወድቅና ሲነሳ ነው የሚደርቀው።
• ልብሱ በደንብ ሳይጨመቅ ነው የገባው። በእጅ የተጨመቀና በማሽን 1000 ወይም 1200 ዙር የተጨመቀ አንድ አይደሉም። ውሃ የሚንጠባጠብ ልብስ ድራየር ውስጥ አይገባም።

ችግር 4፦ ይጮኻል፣ ያንኳኳል

መጀመሪያ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የጂንስ አዝራር ፈልጉ። ከኪስ ሳይወጣ የገባ ላይተር ካለ ደግሞ ከጩኸት በላይ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ኪስ መፈተሽ ልማድ ይሁን። ማሽኑ የቆመበት ወለል ካልተስተካከለም ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ «እምም» እያለ ልብሱ ያለበት ክፍል ካልዞረ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ባለሙያ።

ችግር 5፦ የመቃጠል ሽታ

እዚህ ላይ ሙከራ የለም። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ በሩን ሳትከፍቱ ተከታተሉት። በሩን መክፈት አየር ስለሚያስገባ የተዳፈነ እሳት ካለ ያቀጣጥለዋል። ጭስ ካያችሁ ቤተሰቡን አስወጥታችሁ 939 ደውሉ፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ነው። ኤሌክትሪክ ባለበት ላይ ውሃ አትድፉ።

የሽታው ሌላ ምንጭ ሶኬቱ ነው። አንድ ማድረቂያ 2000 ዋት እና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ያ ማለት በ220 ቮልት ከ9 አምፒር በላይ ማለት ነው። ይህን ከፍሪጅና ከማይክሮዌቭ ጋር በአንድ ቀጭን ዲቫይደር ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። ዲቫይደሩን ንኩት፤ ከሞቀ አልቻለም ማለት ነው። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬትም በርካሽ ማቀያየሪያ ከሚሰካ፣ ራሱ ሶኬቱ በባለሙያ ቢቀየር ይሻላል።

ዘይት፣ ቤንዚን ወይም ቀለም ማቅጠኛ የነካው ልብስና ጨርቅ ድራየር ውስጥ አይግባ። ዘይት የነካ ፎጣ ታጥቦም ቢሆን ሙቅ እንዳለ ተቆልሎ ሲቀመጥ በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። ልብሱ ሲደርቅ ቶሎ አውጡና ዘርጉት። ማሽኑን አስነስቶ መተኛት ወይም ከቤት መውጣትም አይመከርም።

ችግር 6፦ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን

የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ማድረቂያ የተሠራው ለሌላ ዓይነት መስመር ነው። ሞተሩ በ120 ቮልት፣ ማሞቂያው በ240 ቮልት፣ ያውም በ60 ኸርዝ። የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። «ሽቦውን አስተካክዬ እቀጥለዋለሁ» የሚላችሁን አትስሙ።

በጋዝ የሚሠራው ደግሞ ያቃጠለውን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ከሌለው፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከሰል ማለት ነው። ከሲሊንደር ጋር በግምት አገናኝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙት። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ የሚነሳ ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ ነው የሚያስገባው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ ከሰል

«ጭስ የለውም፣ ፍም ሆኗል» የሚለው እምነት ብዙ ሰው ገድሏል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። የቀላ ፍምም፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ደሙ አለ፣ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ግን ወደ አንጎል አይደርስም።

ምልክቶቹ፦
• ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ
• የጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት
• ግራ መጋባት፣ የልብ ምት መፍጠን
• በመጨረሻም ራስን መሳት

ከጉንፋንና ከታይፎይድ የሚለዩት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ታመመ? ከቤት ስትወጡ ይሻላችኋል? ትኩሳት የለም? ለሦስቱም «አዎ» ካላችሁ፣ ከመድኃኒት በፊት ምድጃውን አስቡ። ሐኪማችሁንም «ቤት ውስጥ ከሰል አለ» በሉት፤ እኛም መጠየቅ እንረሳለን።

ሰው ቢመታ ምን እናድርግ?
1. በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ውጭ አየር አውጡ። እናንተም ውስጥ አትቆዩ።
2. 939 ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።
3. ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ የሠለጠነ ሰው ደረቱን መጫን ይጀምር።
4. ወተት፣ ሎሚ፣ ምንም ነገር አታጠጡ! ወተት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ የገባ ወተት ወደ ሳንባ ይወርዳል።
5. ቢነቃም ሆስፒታል ይሂድ። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል በሚሰጥ ንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ፈጽሞ አትዘግዩ፤ ጽንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ያለችው ጣት ላይ የምትገባ የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ትዋሻለች። ጋዙን ከኦክስጅን መለየት ስለማትችል «98» ልትል ትችላለች። እሷን አይታችሁ አትረጋጉ።

ማሽን የለንም፣ ፀሐይም የለም፤ ምን እናድርግ?

ልክ ናችሁ። አንዋር መስጊድ ሰፈር ቤት ከቤት ተጣብቋል፤ ግቢው ጠባብ፣ ገመዱ የጋራ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ አይታመንም። ግን አንድ ነገር አስታውሱ፦ ልብስ የሚያደርቀው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ አየር ነው።

• የዕለቱን በዕለቱ እጠቡ። ቅዳሜ የሳምንቱን ክምር ከማጠብ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት።
• ልብሱን በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ፎጣው ብዙውን ውሃ ይጠጣል።
• ስትሰቅሉ በመካከል የእጅ ስፋት ያህል ክፍተት ተዉ። ጂንስና ሹራብ ተገልብጠው ይሰጡ።
• ኮርኒስ ያለው በረንዳ ወይም የደረጃ ኮሪደር ከመኝታ ቤት ይሻላል። ቤት ውስጥ ግድ ከሆነ ማንም የማይተኛበት ክፍል ይሁን፤ መስኮት ይከፈት፣ ቬንትሌተር ካለ ወደ ልብሱ ይዙር። በደንብ ያልተጨመቀ አንድ ማሽን ልብስ 2 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል። ያ ውሃ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል፤ ሻጋታ ደግሞ የአስም፣ የሳይነስና የአለርጂ ወዳጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከመተንፈሻ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል።
• የኤሌክትሪክ ሂተር ላይ ልብስ አትዘርጉ። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ልብስ ሲወድቅ ቤት ያቃጥላል፤ ምድጃው ስር የሚጫወተውን ሕፃንም አስቡ።
• ጠዋት ለሥራ የሚያስፈልግ፣ ትንሽ የረጠበ ነገር ካለ ካውያ ይጨርሰዋል።

ስለ ውስጥ ልብስም እናውራ። «ሰው ያየዋል» ብለን ፓንትና ጡት ማስያዣ በፎጣ ሸፍነን ወይም አልጋ ስር እናደርቃለን፤ ሳይደርቅም እንለብሰዋለን። እርጥብና ሙቅ ቦታ ለፈንገስ ምቹ ነው፦ በብሽሽት የሚያሳክክ ጭርት፣ በሴቶች ደግሞ የብልት ማሳከክ። ማፈሩ ይገባኛል፤ ግን ስስ ነጠላ ከፊት ሰቅላችሁ ከኋላው አየርና ብርሃን በሚያገኝበት አስጡት። ታጥቦ እንኳ «ሻግ ሻግ» የሚል ፎጣ አልደረቀም ማለት ነው፤ ሽቶ አትጨምሩበት፣ መልሳችሁ እጠቡትና በደንብ አድርቁት።

በመጨረሻ እህታችን ምን አለችኝ መሰላችሁ? ለክትትል ስትመጣ ልጆቿ እየሮጡ ነው የገቡት። «ዶክተር፣ አሁን ጥጡን በየዙሩ የሚጠርገው ትልቁ ልጄ ነው። ምድጃውን ደግሞ ለቡና በረንዳ አወጣነው» አለችኝ። ሳቅን።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ እርጥብ ልብስ ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ሰው ግን ከሰል ባለበት ቤት በሩን ዘግቶ ቢያድር ላይነጋለት ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት እንጂ ምርመራን አይተካም። ምልክቱ ካለባችሁ ኮሜንት ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ከቤት ውጡና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳሎን ውስጥ ምድጃ ለሚያስገባ ጎረቤት፣ ለእናታችሁ፣ ለሱቅ ባልደረባችሁ አጋሩት። እናንተ ክረምት ላይ ልብስ እንዴት ነው የምታደርቁት? ጻፉልኝ፤ ጥያቄ ካላችሁም እመልሳለሁ።

ጤናችሁን ይጠብቅልን!